ማር ያላዋጣው ወጣት ምን ይሽጥ?

ፈረንሳዮች በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. «ኤስኮርት ቦይስ» የሚል ተከታታይ ድራማ በአማዞን ፕራይም ለቀቁ። ታሪኩ የሚካሄደው ካማርግ በሚባል የደቡብ ፈረንሳይ ገጠር፣ የሮን ወንዝ ባሕር በሚገባበት ረግረጋማ አገር ነው። አንድ ቤተሰብ በንብ እርባታ ይኖራል። አባት ይሞታል፣ ዕዳ ይቀራል፣ ማሩ ዕዳውን አይከፍልም። በመጨረሻ አራት ወንዶች ተመካክረው እርባታውን ለማዳን ገላቸውን ለሴቶች መሸጥ ይጀምራሉ። «ኤስኮርት» ማለት በገንዘብ የሚቀጠር አጃቢ ማለት ነው፤ ቃሉ ጨዋ ይምሰል እንጂ አልጋውን ይጨምራል። ድራማው የሩበን አልቬስ ሥራ ሲሆን መነሻው «ወተትና ማር» የተባለ የእስራኤል ተከታታይ ነው።

ድራማው በተለቀቀበት ወር በአብዛኛው የአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ የመካነ ሰላም ልጅ ያኔ አላየውም። ዛሬ ግን ስልክ ያለው ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ለማየት ፕራይም መክፈል አያስፈልገውም። የአንድ ደቂቃ ቁራጭ በቲክቶክ ይመጣል፣ ሙሉው በቴሌግራም ይከተላል። እኛም ስለዚህ ድራማ የምንጽፈው «የፈረንጅ ብልግና ገባብን» ብለን ለመጮኽ አይደለም። ድራማው ሳያስበው የእኛን ልጆች ጥያቄ ስለጠየቀ ነው፦ ማር ያላዋጣው ወጣት ምን ይሽጥ?

እስቲ ሁለቱን አገር አጠገብ ለአጠገብ እናስቀምጣቸው። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት። ከመካነ ሰላም እስከ አጅባር፣ ከወግዲ እስከ ከላላ ባለው የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ቀፎ የማያውቅ ልጅ አይገኝም። ነገር ግን በጓሮ የተሰቀለ ባህላዊ ቀፎ ቤተሰብን ይደጉማል እንጂ ትዳር አያስይዝም። መሬቱ ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ ሲሸነሸን ለታናሹ የደረሰው ድንበር ብቻ ነው። ትምህርትስ? መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ቱሉ አውሊያና መካነ ሰላም ላይ ካምፓስ ከፍቷል፤ ይህ ለአካባቢው ትልቅ ነገር ነው። ቢሆንም ዲግሪውን ይዞ እናቱ ቤት የተቀመጠው ልጅ ጥቂት አይደለም። በላዩ ላይ ጦርነቱ መንገዱንም ሥራውንም አጠበበው።

እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ወጣቱ የቀረው ንብረት አንድ ነው፦ ሰውነቱ። ደቡብ ወሎ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። እህቶቻችን ጉልበታቸውን ይዘው ቤሩትና ሪያድ ገቡ። ወንድሞቻችን በጅቡቲ ኦቦክ፣ በየመን በረሃ አድርገው ወደ ሳዑዲ ድንበር ተጓዙ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ያወጣው ሪፖርት የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን በብዛት እንደገደሉ ዘግቧል። ገና መንገድ ሳይጀምር አባቱ በሬ ሸጦ፣ እናቱ ተበድራ ለደላላ የሚከፍሉለት ልጅ ገላው ራሱ ካፒታል ሆኗል። «ገላ መሸጥ» የሚለው ሐሳብ ለእኛ ከፊልም የመጣ አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር ደላላው ስልካችን ውስጥ መግባቱ ነው።

ስልካችሁን ክፈቱና ቴሌግራም ላይ «ሹገር ማሚ» ብላችሁ ፈልጉ። ወይም አትፈልጉ፤ ማስታወቂያው ራሱ ፈልጎ ያገኛችኋል። ቤትና መኪና ያላት፣ ባሏ ውጭ አገር የሆነ፣ ወጣት ወንድ የምትፈልግ ሴት ናት ይላል። ፎቶዋ ያምራል። የሚከፈለው በወር ይሁን በአዳር፣ ቁጥሩ የአንድ መምህር ደመወዝን ያስንቃል። ከታች ደግሞ «ኤጀንቱን አናግሩ» የሚል ሊንክ አለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ለማያውቀው ግን በዝርዝር እንንገረው። ኤጀንት ነኝ ባዩ መጀመሪያ ፎቶና ዕድሜ ይጠይቃል። «ተመርጠሃል» ይላል፤ ሁሉም ሰው ይመረጣል። ቀጥሎ የመመዝገቢያ ብር በቴሌብር ወይም በባንክ ላክ ይላል፤ ብዙ አይደለም፣ ተበድረህ የምታገኛት ያህል ናት። ከላክህ በኋላ የአባልነት ካርድ፣ የጤና ምርመራ፣ የሆቴል መያዣ እያለ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ያስከትላል። «አሁን ብታቋርጥ የከፈልከው ይቀራል» የምትለው ቃል ሥራዋን የምትሠራው እዚህ ላይ ነው። ሲበቃው ብሎክ ያደርግሃል። ሴትየዋ የለችም። ፎቶው ምንም ከማታውቅ ሰው ገጽ የተሰረቀ ነው።

ከዚህ የከፋም አለ። «እስቲ ሰውነትህን ላያት ብላለች» ተብሎ ራቁት ፎቶ ወይም ቪዲዮ ይጠየቃል። ወይም በቪዲዮ ጥሪ ጊዜ ይቀረጻል። በማግስቱ የፌስቡክ ጓደኞቹ ዝርዝር ስክሪንሹት ተደርጎ ይላክለታል፤ የአጎቱ ስም፣ የእህቱ ስም፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወይም የመድረሳ ጓደኛው ስም። «ብር ላክ፣ ካልላክህ ለሁሉም እበትነዋለሁ።» ይህ ልጅ አሁን ሰውነቱን ሊሸጥ የወጣ ሰው አይደለም። ሰውነቱን ከሌባ እጅ መልሶ ለመግዛት የሚከፍል ሰው ነው።

ይህ ማጭበርበር ለምን ይሠራል? ልጆቹ ቂል ስለሆኑ ነው እንዳትሉ። ሰው የሎተሪና የ«ኢንቨስትመንት» ማጭበርበሪያም ይበላል፤ የተበላ ሰው ግን ቢያንስ ይጮኻል። የ«ሹገር ማሚ» ተበይ አይጮኽም። ጣቢያ ሄዶ ለፖሊስ ምን ይበል? ለአባቱስ? አጭበርባሪው የሚነግደው በልጁ ምኞት ብቻ አይደለም፤ በዝምታውም ነው። እንዲያውም ከሁለቱ ትልቁ ሀብቱ ዝምታው ነው።

ዝምታው ደግሞ ከቋንቋችን ይጀምራል። በአማርኛ ገላዋን ለምትሸጥ ሴት ስንት ስም አለን! ሴተኛ አዳሪ፣ ኮማሪት፣ ቡና ቤት፣ ሌላም ለጋዜጣ የማይመች። ገንዘብ ከፍሎ ለሚገባው ወንድ ስም የለንም፤ «ደንበኛ» ነው፣ እንደ ሱቅ። ገላውን ለሚሸጠው ወንድም ስም የለንም። ለዚህ ነው «ጂጎሎ»፣ «ኤስኮርት» እያልን ከውጭ ቃል የምንበደረው። ሥነ ጽሑፋችንም ያው ነው። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር በ«ሌቱም አይነጋልኝ» የውቤ በረሃን ሌሊት በግልጽ ጻፈ፤ መጽሐፉ በ2004 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይኛ ተተርጉሞ ታትሟል። እዚያም ቢሆን ገላ ሻጯ ሴት ናት፣ ወንዱ ገዢ ነው። ስም ያለው ኃጢአት ይወገዛል፤ ስም የሌለው ግን አይታይም፣ የማይታይ ነገር ደግሞ አይታከምም። አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነው።

በወሎ ይህ በሁለት በኩል ይከብዳል። የወሎ ሴት በቁንጅናዋ ትዘፈናለች፤ ለዚያ ዝና ስትከፍል የኖረችው ራሷ ናት። ወንዱ ግን «ጎበዝ» ነው። ጎበዝ ያርሳል፣ ጎበዝ ይሰደዳል፣ ጎበዝ ይዋጋል። ጎበዝ «ተጎዳሁ» አይልም። «አንዲት ሴት አታለለችኝ፣ አስፈራራችኝ፣ የማልፈልገውን አደረገችኝ» ያለ ወንድ ከሐዘኔታ በፊት ሳቅ ይጠብቀዋል። «ታድለህ!» የሚለውም አይጠፋም።

ሕጋችንስ ከሳቁ ነፃ ነው? የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 620 ሴትን አስገድዶ የደፈረ ወንድ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል ይላል። ቀጣዩ አንቀጽ 621 ደግሞ ወንድን አስገድዳ ግንኙነት የፈጸመች ሴት ከ5 ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እስራት እንደምትቀጣ ይደነግጋል። ልብ በሉ፦ ለአንዱ 5 ዓመት መነሻ ነው፣ ለሌላው 5 ዓመት ጣሪያ ነው። ሕግ አውጪው ለሴቶች የሰጠው ከለላ በዛ አንልም፤ ከሚደርስባቸው አንጻር ገና አልበቃም። ግን አንቀጽ 621 መኖሩ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ወንድም ሊገደድ እንደሚችል ሕጉ ከሃያ ዓመት በፊት አምኗል። ያላመንነው እኛ ነን።

ሌላም አለ። ሕጉ በአንቀጽ 634 በሌላ ሰው ገላ ንግድ የሚኖረውን፣ ማለትም አቃጣሪውን ይቀጣል። የሰው ንግድን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 «ሰው» ብሎ ነው የሚናገረው፤ ወንድ ሴት አይልም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ በኮምፒውተር ሥርዓት ምስል እበትናለሁ ብሎ ማስፈራራትንም ማጭበርበርንም ወንጀል አድርጓል። እንግዲህ ያን ቪዲዮ ይዞ የሚያስፈራራህ ሰው ወንጀለኛ ነው። አንተ ያን ቪዲዮ ስለላክህ የእሱ ወንጀል አይቀልም።

ወደ ድራማው እንመለስ፤ ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋልና። «ኤስኮርት ቦይስ» መጥፎ ድራማ ነው አንልም። አራቱ ወንዶች የከሰሩ፣ ልባቸው የተሰበረ፣ ወንድነታቸው ግራ የገባቸው ናቸው። ሴቶቹን ማዳመጥ ሲጀምሩ ስለ ራሳቸውም ያውቃሉ። ሳቁ ከዚያ ይመጣል። የወንድን ድክመት በወንድ አፍ ማስነገሩ ደግሞ እኛ ልንማርበት የሚገባ ነው።

ነገር ግን ሳቁ የቆመበትን መሬት እንይ። አራቱ ወንዶች አገራቸው ናቸው። አብረው ናቸው። ደላላቸው ከቤተሰብ የሆነች ልጅ ናት እንጂ ስሙ የማይታወቅ «ኤጀንት» አይደለም። ቢታመሙ ሐኪም፣ ሥራ ቢያጡ የመንግሥት ድጎማ አለ። ከሁሉ በላይ በፈረንሳይ ከሚያዝያ 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕጉ የሚቀጣው ሻጩን አይደለም፤ ገዢውን ነው። የመጀመሪያው ቅጣት እስከ 1,500 ዩሮ ነው። ድራማው እውነት ቢሆን ኖሮ ፖሊስ የሚቀጣው ሴቶቹን ደንበኞች ነበር ማለት ነው። የካማርጉ ልጅ «አይሆንም» ብሎ መውጣት ይችላል። ቀልዱ ቀልድ የሚሆነው በሩ ክፍት ስለሆነ ነው።

በሩ ሲዘጋ ምን እንደሚመስል ራሳቸው ፈረንሳዮች አሳይተዋል። ሎራን ካንቴ በ2005 እ.ኤ.አ. «ወደ ደቡብ» የሚል ፊልም ሠርቷል፤ የሄይቲ ተወላጁ ዳኒ ላፌሪዬር ከጻፋቸው ታሪኮች የተወሰደ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ በድህነትና በአምባገነን አገዛዝ ሥር ባለችው ሄይቲ በዕድሜ የገፉ ነጭ ሴቶች ወጣት ጥቁር ወንዶችን በገንዘብና በስጦታ ይይዛሉ። እዚያ ፊልም ላይ የሚያስቅ ነገር የለም። ኦስትሪያዊው ኡልሪክ ዛይድልም በ2012 እ.ኤ.አ. ያንኑ ታሪክ በኬንያ የባሕር ዳርቻ ሠርቶታል። ገዢዋ ሴት፣ ሻጩ ወንድ መሆኑ ነገሩን አልለወጠውም። የለወጠው ማን ድኻ ነው፣ ማን ሀብታም ነው፣ ማን ተነሥቶ መሄድ ይችላል የሚለው ነው። የመካነ ሰላም ልጅ አዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ ሲወርድ ከካማርጉ ልጅ ይልቅ ለሄይቲው ልጅ ይቀርባል።

«ይህን ማውራት ራሱ ያስፋፋዋል» የሚሉ አሉ። ወገን፣ ማስታወቂያው በየኪሳችን ነው። የምናወራው እኛ ካልሆንን የሚያወራው ኤጀንቱ ብቻ ነው። «ፈልጎ የገባበት ነው» የሚሉም አሉ። አዎ፣ አንዳንዱ ፈልጎ ይገባል። ሴቶቹንም ለዘመናት ያልናቸው ይኸንኑ ነው፤ ከድርቅ ሸሽታ፣ ከባል ሸሽታ ደሴ ቡና ቤት የገባችውን «ፈልጋ ነው» ብለን በላዩዋ ላይ ጠጣን። ርኅራኄን ለወንዶቹ ስንጀምር ለሴቶቹ የነፈግነውንም ማስታወስ አለብን። ወንድ ሲሆን ድራማ፣ ሴት ስትሆን ስድብ ከሆነ ፍርዳችን ጠማማ ነው።

እና ምን ይደረግ? መጀመሪያ ለእናንተ፣ ስልኩን ለያዛችሁት።

ሥራ ለመስጠት አስቀድሞ ብር የሚጠይቅ ሁሉ ሥራ የለውም። ይህ ለሹገር ማሚም፣ ለዱባይ ቪዛም፣ ለኦንላይን ሥራም ይሠራል። ፊትህ የሚታይበት ራቁት ምስል ለማንም አትላክ፤ «ለአንተ ብቻ» የሚባል ፋይል የለም። ቀድሞውኑ ልከህ እየተፈራራህ ከሆነ ደግሞ አትክፈል፤ አንዴ የከፈለ ሰው ደግሞ እንደሚከፍል አስመስክሯል። ቻቱን አታጥፋ። ስክሪንሹት አንሣ፣ የስልኩን ቁጥርና ብር የላክህበትን አካውንት መዝግብ፣ ከዚያ ብሎክ አድርግና ለፖሊስ አመልክት። ብቻህን መሄድ ከከበደህ አንድ የምታምነው ሰው ንገር፤ ታላቅ እህት፣ አስተማሪ፣ ጓደኛ። ምስጢር ለሁለት ሲሆን ይቀላል። በዚህ ነገር ሕይወት አይጠፋም፤ የአንድ ሳምንት ወሬ ነው፣ ወሬ ደግሞ ያልፋል።

ነገሩ ከስልክ አልፎ አልጋ ላይ ደርሶ ከሆነም እውነቱን እንናገር። በ2010 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት በከተሞቻችን ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 64 ከሆኑት ሰዎች 3 በመቶው ኤችአይቪ በደማቸው ነበር። ቫይረሱ ገዢና ሻጭ አይለይም። ያለ ኮንዶም ግንኙነት ተደርጎ ከሆነ፣ ወይም ተገድደህ ከሆነ፣ መከላከያ መድኃኒት አለ፤ ግን በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በቶሎ ሲሆን ደግሞ ይሻላል። ጤና ጣቢያ የምትሄደው ልትፈረድ አይደለም፤ ልትታከም ነው።

ቀጥሎ ለወላጆች። ልጃችሁ ድንገት ብር መበደር ከጀመረ፣ ስልኩ ሲጮኽ የሚደነግጥ ከሆነ፣ ከሰው ከሸሸ፣ «ምን ሠርተህ ነው?» ብላችሁ አትጀምሩ። «ማን አስፈራራህ?» ብላችሁ ጀምሩ። ሁለቱ ጥያቄዎች ልጁን ወደ ሁለት የተለያየ ቦታ ይወስዱታል።

ለዩኒቨርሲቲዎችና ለወረዳ ፖሊሶችም ቃል አለን። ለሴት ተማሪዎች ስለ ጥቃት የሚሰጠው ምክር ለወንዶችም ይሰጥ። አዲስ ገቢ ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት ስለ ቤተ መጻሕፍቱና ስለ ካፌው ሲነገረው ስለዚህ ማጭበርበርም ይነገረው። ጣቢያ የመጣ ልጅ በሳቅ ከተሸኘ፣ ከእሱ በኋላ የሚመጣ አይኖርም። የሳቀው መርማሪ ሳያውቀው ለወንጀለኛው ሠርቷል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ አሁንም አለ፦ ማር ያላዋጣው ወጣት ምን ይሽጥ? በምክርና በማስጠንቀቂያ ብቻ አይመለስም። ማሩ እንዲያዋጣ ዘመናዊ ቀፎ፣ ብድር፣ ሰላም ያለው መንገድና ገዢ ያስፈልጋል። ዲግሪው እንዲያበላ ሥራ ያስፈልጋል። ይህን የማሟላት ዕዳ የመንግሥት ነው፤ ከወጣቱ ጨዋነት በፊት የሚጠየቀውም እሱ ነው። የካማርግ ወንዶች ገላቸውን የሸጡት እርባታቸውን ለማዳን ነበር፤ የሚያድኑት ነገር ነበራቸው። የእኛ ልጅ መጀመሪያ የሚያድነው ነገር ይኑረው። እስከዚያው ግን የተበላውን አንሳቅበት፣ የተጎዳውንም «ወንድ ነህ፣ ቻለው» አንበለው።